ሙያ መልመድ የወደቀ ሰው ዕጣ ነውን?

ዛሬ በዚህች ገጽ ልናነሣ ያሰብነውን ጉዳይ ያገኘነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመንገድ ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለመዝሙር ጥናት ስንሄድ ሰንጋ ተራ ላይ ከመካከላችን የጠፋ አንድ ወንድማችንን አገኘነው። ቱታ ለብሷል፤ ቱታውም ከደረቱ እስከ ጉልበቱ በግራሶ ጠቁሯል። እኛን ሲያይ መንገዱን ተሻግሮ ሊያልፈን ፈልጎ ነበር፤ ዳሩ ግን መኪናው አላሳልፍ ስላለው ቆመ። እጃችንን ስንዘረጋለት እጁን ዘይት ነክቶት ነበርና ክንዱን ሰጠን። ክንዱን ይዘን ሰላም ካልነው በኋላ ከመካከላችን አንዱ፣ «አይዞህ፣ በርታ! እግዚአብሔር ያውቃል፤ አንድ ቀን አንተም ትማራለህ» አለው። ወንድማችን ጥቂት ዝም አለና፣ «እየተማርኩ ነው እኮ» ብሎን ሄደ።

ያን ዕለት መዝሙሩን አጥንተን ወደየቤታችን ስንመለስ ይህች አጭር መልስ ከልባችን አልወጣችም። እኛ ልናጽናናው ብለን የተናገርነው ቃል ለካ ስድብ ኖሯል! ልጁ ጋራዥ ገብቶ ሞተር መፍታትና መግጠም፣ ፍሬን ማስተካከል፣ የካምቢዮን ሥራ ማወቅ ከጀመረ ከዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ግን ይህን ሁሉ ከትምህርት አልቆጠርንለትም። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ በሙያ ባለቤት እጅ ሥር ሆኖ እየሠሩ መማር ለሰው ልጅ ሙሉ ትምህርት ነውን? ወይስ ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ የቀረ ሰው የሚጽናናበት ዕጣ ብቻ ነው?

በመጀመሪያ ጥፋታችንን እንናገር። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ በሰንበት ትምህርት ቤታችን የተመራቂዎች በዓል እናደርጋለን። ተመራቂው ጥቁር ካባውን ለብሶ ይመጣል፤ ስሙ ተጠርቶ ይቆማል፤ ይጨበጨብለታል፤ ስጦታም ይሰጠዋል። ይህ በራሱ መልካም ነገር ነው፤ ወላጆች የደከሙበት፣ ልጆችም ሌሊቱን ሳይተኙ ያነበቡበት ፍሬ ነውና። ነገር ግን ግንበኝነት ለምዶ ቱንቢ ይዞ ግድግዳ ማቆም የቻለውን ወንድማችንን፣ ልብስ ስፌት ተምራ ራሷን የቻለችውን እኅታችንን በዚያ መድረክ ላይ ጠርተን እናውቃለን? አናውቅም። ማንም «አትጥሩ» ብሎ አላዘዘንም። ሆኖም በዝምታችን አንድ ትምህርት አስተምረናል፤ ይኸውም ከሁለቱ መንገዶች አንደኛው ወደ መድረክ፣ ሁለተኛው ወደ ጓሮ እንደሚያደርስ ነው። ከዚያ በኋላ ልጁ እኛን ሲያይ መንገድ ቢሻገር ለምን እንደነቃለን?

ነገሩ የጥቂት ልጆች ጉዳይ አለመሆኑን ለመረዳት ያለፉትን ዓመታት የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ማስታወስ ይበቃል። በ2014 ዓ.ም. ትምህርት ዘመን ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው በተፈተኑበት ወቅት ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ቁጥሩ ከፍ እያለ መምጣቱ ደስ ያሰኛል። እንዲያም ሆኖ ከመቶ ተፈታኝ ከ90 በላይ የሚሆነው መስመሩን አላለፈም። ለተወሰኑት የማካካሻ ትምህርት ተከፍቶላቸዋል። የቀሩትስ? ዩኒቨርሲቲ ብቻ የሰው መንገድ ነው ካልን ከመቶ ወጣት ዘጠናውን ሰው ከመሆን አስወጣነው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ፍርድ የሚፈርድ አእምሮ መመርመር አለበት።

የምንኖርበት ሰፈር ራሱ ለዚህ ነገር ምስክር ሊሆነን ይችላል። ሰንጋ ተራ ስሙ እንደሚነግረን የሰንጋ ገበያ የነበረበት ቦታ ነው። ዛሬ በዙሪያው የባንክና የኢንሹራንስ ሕንጻዎች እንደ ደን በቅለውበታል። የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቱ እዚሁ ነው፤ ወደ ሜክሲኮ አደባባይ ጥቂት ብንራመድም ተግባረ እድን እናገኛለን። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች የተቋቋሙት ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ በ1930ዎቹ ዓመታት ነው። አገሪቱ ከጦርነት ወጥታ ሰው ሲጠፋባት የሒሳብ መዝገብ የሚይዘውንም፣ ብረት የሚበይደውንም በአንድ ዘመን ፈለገች። አንዱን ለክብር፣ ሌላውን ለውድቀት ብላ አላቋቋመችም። እነዚያ በመስታወት የተሸፈኑት ረጃጅም ሕንጻዎችም የቆሙት መሐንዲሱ በወረቀት ላይ በሣለው መሥመር ብቻ አይደለም፤ ብረት ባሰረው፣ በበየደው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ በዘረጋውና ቧንቧ በገጠመው እጅ ጭምር ነው። ከነዚህ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ሥራቸውን የለመዱት ከሌላ ባለሙያ ሥር ሆነው ነው። ሕንጻው ሲመረቅ ግን ሪባኑ ሲቆረጥ የት እንደሚቆሙ እናውቃለን።

ይህ ንቀት ዛሬ አልተጀመረም። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው ሰው በሠራው ዕቃ እየተገለገልንበት ስሙ ግን ስድብ ሆኖ ኖሯል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓመታት በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው መሣሪያ ሲያሠሩ ኢትዮጵያውያንም አብረው እየሠሩ ጥበቡን እንዲማሩ ይፈልጉ ነበር። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። ስድቡ በአፍ ሲቀንስ በሐዘኔታ መልክ ተመልሶ መጣ። ዱሮ «ቀጥቃጭ» ይባል የነበረው ዛሬ «አይዞህ፣ አንድ ቀን ትማራለህ» ይባላል። ልዩነቱ የድምፁ ለስላሳነት ብቻ ነው።

እኛን የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን የበለጠ የሚያሳፍረን ግን ሌላ ነገር ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የአብነት ትምህርት ራሱ ከባለቤቱ እጅ ሥር ሆኖ እየሠሩ መማር አይደለምን? የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ከአገሩ ይወጣል። የሚፈልገው ግቢና ሕንጻ አይደለም፤ መምህር ነው። ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከዚያም ወደ አቋቋም ወይም ወደ መጻሕፍት ቤት እየተሻገረ፣ መምህሩን እያገለገለ፣ በእግሩ ሥር ተቀምጦ ቃል በቃል ይቀበላል። የቀደመው ተማሪ የኋለኛውን ያስቀጽላል። በመጨረሻም ድጓን የፈጸመው ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕትን የፈጸመው ወደ ዙር አባ ሄዶ ያስመሰክራል። ይህን ተማሪ «ምስኪን፣ አንድ ቀን ይማራል» የሚለው ሰው አለ? የለም። መምህሩ የታወቀ ነው፤ ደረጃው የታወቀ ነው፤ መጨረሻውም ምስክር ያለው ነው። ስለዚህ የምናከብረው ያው የአማማር ዘዴ ጋራዥ ውስጥ ሲገኝ የምንንቀው ለምንድን ነው? ዘይት ስለ ነካው ነውን?

መጽሐፍ ቅዱስን ስናነብም ይህ ነገር በብዙ ቦታ ይጠብቀናል። ቅዱስ ጳውሎስ በገማልያል እግር ሥር ተቀምጦ ሕግን የተማረ ሰው ነው። ያው ሰው በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ኖሯል። መርፌው ከገማልያል የተማረውን አላሳነሰበትም፤ የገማልያል ትምህርትም መርፌውን ከእጁ አላስጣለውም። የናዝሬት ሰዎችም ጌታችንን ለመቀበል የተሰናከሉት የምናውቀው ጸራቢ አይደለም ወይ በማለት ነበር። እኛም ወንድማችንን በቱታው ስንመዝነው ከነማን ወገን እንደ ቆምን ልብ ማለት ይገባናል።

ይሁን እንጂ ውድ አንባብያን፣ እዚህ ላይ ካቆምን ግማሹን እውነት ብቻ ተናገርን ማለት ነው። ሙያ መልመድን አወድሶ መጻፍ ለእኛ ቀላል ነው፤ ችግሩን የሚያውቀው የሚለምደው ነው። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ወንድማችንን ፈልገን አግኝተን ይቅርታ ስንጠይቀው ብዙ ነገር አጫወተን። የመጀመሪያዎቹን ወራት ያሳለፈው ዕቃ በማጠብ፣ ሻይ በማመላለስና ጎማ በመሸከም ነው። ደመወዝ የለውም፤ የቀን ምሳና አልፎ አልፎ የትራንስፖርት ገንዘብ ብቻ ይሰጠው ነበር። ሞተሩ የሚፈታበት ዋና ሰዓት ሲደርስ ዕቃ እንዲገዛ ወደ ሱቅ ይላክ ነበር፤ ምክንያቱም አንዳንድ ባለሙያ ጥበቡን ካሳየ ነገ ተወዳዳሪ ያፈራ ስለሚመስለው ነው። ሥራ ሲበላሽ ስድቡ፣ አንዳንድ ጊዜም ጥፊው በረዳቱ ላይ ነው። መቼ «ጨረስክ» እንደሚባል አያውቅም። ጨርሶም ሲወጣ «ይህ ልጅ ያውቃል» የሚል ወረቀት በእጁ አይኖርም። ይህን የነገረን እያማረረ አልነበረም፤ እንዲያውም እየሣቀ ነበር። እኛ ግን መሣቅ አልቻልንም።

ታዲያ ይህ ክፋት ከሙያ መልመድ ጋር አብሮ የተፈጠረ ነውን? አይደለም። ሕጋችን ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪ ሰውን ሙያ ለማስለመድ የሚገባው ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። የሚሰጠው ሥልጠና ዓይነትና የሚፈጀው ጊዜ፣ በልምምዱ ወቅት የሚከፈለው ገንዘብ፣ የሥራው ሁኔታ በውሉ ውስጥ መገለጽ አለባቸው። አሠሪው ለማጁን ከሙያው ጋር በማይገናኝ ሥራ ላይ ማሰማራት አይፈቀድለትም፤ ልምምዱም ሲያበቃ የተማረውን ሙያ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ከዚህም ሌላ ሙያውን በጋራዥም ይሁን በቤተሰቡ ዘንድ የለመደ ሰው በሙያ ብቃት ምዘና ቀርቦ ችሎታው ተመዝኖ ማረጋገጫ እንዲያገኝ መንገድ ተከፍቷል። ይህ የዘመኑ ማስመስከር ነው ብንል አልተሳሳትንም። እንግዲህ የጎደለው የሕግ ቃል ሳይሆን ለማጁን አጅቦ «ውሉ የታለ?» ብሎ የሚጠይቅ ወገን ነው። የቆሎ ተማሪን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቁራሽ ይሰጠዋል፤ ነገ መምህር እንደሚሆንም ያስባል። የጋራዡን ለማጅ ግን ማን ያውቀዋል?

ሁለተኛውም ችግር ሊሸሸግ አይገባውም። እጅ ብቻውን ሩቅ አይሄድም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ በከተማችን መንገድም በኤሌክትሪክ የሚሠሩት እየበዙ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የናፍጣ ሞተር ሲፈታ የኖረ ባለሙያ ለተማሪው ማውረስ የሚችለው የሚያውቀውን ብቻ ነው። የባትሪውን ጠባይና የኤሌክትሪክ ኃይሉን አደጋ ለማወቅ ሒሳብና ፊዚክስ ያስፈልጋል፤ የአምራቹን መመሪያ ለማንበብም እንግሊዝኛ ያስፈልጋል። ሌሎች አገሮች ይህን በሚገባ ተረድተውታል። በስዊትዘርላንድ የግዴታ ትምህርታቸውን ከጨረሱ ወጣቶች ሦስት እጅ ቢደረጉ ሁለት እጅ የሚሆኑት ወደ ሙያ ልምምድ ይገባሉ። በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን በሥራ ቦታ፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን በትምህርት ቤት ይውላሉ። ውልም ደመወዝም አላቸው። ሲጨርሱ ብሔራዊ ምስክር ወረቀት ያገኛሉ፤ ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ትምህርት አሟልቶ ወደ ከፍተኛ ትምህርት መግባት ለሚፈልግም በሩ አልተዘጋም። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ፦ ሙያ መልመድ የሚከበረው የትምህርት ተቃራኒ ሲሆን ሳይሆን መውጫ መሰላል ያለው ትምህርት ሲሆን ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። የምንበላው ቁርስ በግቢ የሚቀርብልን፣ የምንተኛበት አልጋ የተዘጋጀልን፣ ስማችን ነገ በመድረክ ላይ የሚጠራልን ነን። ስለዚህ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «ሙያ መልመድ ይህን ያህል መልካም ከሆነ እናንተ ለምን አልገባችሁበትም? ነገ ልጅ ስትወልዱስ ጋራዥ ታስገቡታላችሁ?» ቢለን ምን እንመልሳለን? እርስ በርሳችን ተጠያይቀን ነበር። አንዳችንም በፍጥነት «አዎን» አላልንም። አንዲት እኅታችን ብቻ፣ «ልጄ ቢመርጥ እሺ እላለሁ፤ ግን በልቤ አለቅስ ይሆናል» አለች። ይህች እኅት ከሁላችን የተሻለች እውነተኛ ነበረች።

ለራሳችን የማንመርጠውን ለሌላው ስንመክር ምክራችን ምክር አይደለም፤ ማሰናበቻ ነው። ለባለጠጋ ልጅ ዩኒቨርሲቲ፣ ለድኻ ልጅ ጋራዥ ብለን ከደለደልን በኋላ «ሥራ ክቡር ነው» ብንል ድኻውን በባዶ እጁ እያሞገስን ሸኘነው ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ መፍትሔው ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ይግባ ማለት አይደለም። ከመካከላችን ሞተር ሲሰማ ልቡ የሚደሰት፣ እንጨት ሲያይ ወንበሩ የሚታየው፣ ነገር ግን የወላጁን ፊት ላለማሳፈር ብቻ የማይወደውን ትምህርት አራት ዓመት የሚሸከም ስንት አለ? ይህም የሚቃጠል ዕድሜ ነው። ዱሮ አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት መጠምጠሙ ከትምህርቱ የበለጠ የሚፈለግ መሆኑን ስላዩ ነበር። ዛሬም ካባው ከዕውቀቱ ቀድሞ የሚፈለግባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው።

እንግዲህ እኛ የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው፦ አንድ መንገድ ለሰው ልጅ የሚገባ ትምህርት መሆኑ የሚታወቀው፣ መንገዱን የሚመክረው ሰው ለገዛ ወገኑ ሲመርጠው ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ዝም ብለን አንቀመጥም፤ መንገዱ የሚመረጥ እንዲሆን ማድረግ የእኛም ግዴታ ነው። ይህም ሦስት ነገር ይጠይቀናል። አንደኛ፣ ሙያን «ለወደቀው» ብሎ መጥራት እንተው፤ ፈተናው ሳይደርስ ገና በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ላሉት ታናናሾቻችን እንደ አንድ ምርጫ እንንገራቸው። ሁለተኛ፣ ከመካከላችን ሕግ የሚማሩት የውሉን ነገር ለለማጆች ያስረዱ፤ አስፈላጊ ሲሆንም አብረው ሄደው ከባለሙያው ጋር በአክብሮት ይነጋገሩ። ጥበቡን በቅንነት የሚያስተምር ባለሙያ መምህር ነውና የመምህርነቱን ክብር ይስጡት። ሦስተኛ፣ የክረምቱ መድረካችን ሙያ አስመስክረው ለመጡትም ይከፈት።

ይህን ሦስተኛውን ሐሳብ ለወንድማችን ስንነግረው በጣም የሚደሰት መስሎን ነበር። እርሱ ግን፣ «መድረኩ ይቆየኝ። ከቻላችሁ ቅዳሜ ማታ ማታ ሒሳብና እንግሊዝኛ አስጠኑኝ፤ አዲሶቹ መኪኖች ሲመጡ መመሪያቸውን ማንበብ አቅቶናል። ከኔ ጋር ሁለት ልጆች አሉ፤ እነሱንም አመጣቸዋለሁ» አለን። ልጁ እኛ ለመስጠት ያሰብነውን ጭብጨባ ትቶ ያለንን ነገር ጠየቀን። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ከመዝሙር ጥናት በኋላ አንድ ሰዓት አብረን እንቀመጣለን። የመጀመሪያው ቀን ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት ከመጽሐፍ ስናስረዳው ቆይቶ፣ በመጨረሻ ከኪሱ አንዲት የተቃጠለች ፊውዝ አውጥቶ መጽሐፉ ላይ አኖራትና፣ «ይቺን ማለታችሁ ነው?» አለን። በዩኒቨርሲቲ ስለ እርስዋ ተፈትነን ያለፍን ሁለት ተማሪዎች በእጃችን ይዘናት አናውቅም ነበር።

አሁን ሲያየን መንገድ አይሻገርም። እጁ ዘይት የነካው ሲሆን ዛሬም ክንዱን ይሰጠናል፤ እኛም «አንድ ቀን ትማራለህ» አንለውም፤ «ዛሬ ምን ተማርክ?» እንለዋለን። እርሱም «እናንተስ?» ይለናል። ሁልጊዜ መልስ አናገኝለትም።

ልዑል እግዚአብሔር ለሁላችንም ማስተዋሉን ያድለን። ይቆየን።